ቁልቁል ስላለው ባልንጀራ

በ1886 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ ምኒልክ ከእንጦጦ ተራራ የሚመነጨውን ውሃ በቧንቧ ወደ ግቢያቸው ባስመጡ ጊዜ፥ ውሃ በቱቦ ውስጥ ታፍኖ ሽቅብ ሲወጣ ያየ ሁሉ ተደነቀ። የሥራው መሪ ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ነበረ፤ ስሙም ከዚያ ሥራ ጋራ እስከ ዛሬ ይነሣል። ስለዚሁ ዳገት ስለሚወጣ ውሃ ገጣሚው ገጠመ፥ አዝማሪውም ዘፈነ። ያው ውሃ ለእጅ መታጠቢያና ለወጥ ቤት ከሆነ በኋላ ግን በየት በኩል እንደ ወጣ፥ ወደ ማንስ ደጅ እንደ ወረደ የገጠመ አልተሰማም። የገባው ውሃ ምስጋና ተቀበለ፤ የወጣው ውሃ ያለ ምስክር ወጣ።

ከዚያ ወዲህም ከተማይቱ የምትመሰገነውና የምትነቀፈው በሚገባላት ነገር ነው። ገፈርሳ፥ ለገዳዲ፥ ድሬ በየጊዜው ተገድበው ውሃ ሲገባ ደስታ ሆነ፤ ቧንቧው ሁለት ቀን የደረቀ እንደ ሆነ ጩኸት ይሆናል። የሚወጣውን ግን የሚቆጥረው ጥቂት ነው። ስለዚህ በሊቃውንት ጉባኤ እምብዛም ሲነሣ የማይሰማ፥ በከተማ ለሚኖር ሰው ግን በየቀኑ በደጁ የሚያልፍ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፦ ሰው ከደጁ ስለ ወጣው ነገር ይጠየቃልን? ወይስ ከአጥሬ ወጥቷልና ከእጄም ወጥቷል ብሎ እጁን ሊታጠብ ይችላል? ጲላጦስ እጁን የታጠበበት ውሃ ወዴት እንደ ፈሰሰ የጻፈ ወንጌላዊ የለም፤ መቼም ወደ ታች ሳይፈስ አልቀረም።

ጥያቄው የሚታይበት ስፍራ ሩቅ አይደለም። ከቦሌ ጎዳና ገባ ብሎ ያለው፥ ስሙን ከሩዋንዳ ኤምባሲ ያገኘው ሩዋንዳ የተባለው ሰፈር ይበቃል። ይህ ሰፈር ቪላ ቤት ከነአትክልቱ የተንጣለለበት፥ አንድ ቤተ ሰብ አንድ የፍሳሽ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖርበት ነበረ። ዛሬ በብዙው ግቢ ላይ ፎቅ ቆሞበታል። አንድ ቤተ ሰብ በነበረበት ብዙ ቤተ ሰብ ገባ፤ በምድር ቤቱም ምግብ ቤት፥ ካፌ፥ የጠጕር ማስተካከያ ቤት ተከፈተ። ከላይ ያለው ቤት በሰው ዐይን ፊት አደገ፤ ከታች ያለው ጉድጓድ ግን ሁልጊዜ አብሮት አላደገም። መንገዱም እንዲሁ ነው። ዛሬ አስፋልት የለበሰው በከርሞው ይቆፈራል፤ የውሃው ሲደፈን የስልኩ፥ የስልኩ ሲደፈን የመብራቱ ይከፈታል። ሕዝቡ ይህን እያየ መጀመሪያ ይማረራል፥ ኋላም ይስቃል፥ በመጨረሻም ይለምደዋል። ከሦስቱ የሚከፋው መልመዱ ነው።

ነገሩን በሚገባ ለመፍረድ በመንገድ ሥር ያለውን ማወቅ ያስፈልጋል። በደንብ በተሠራ መንገድ ሥር ሁለት ልዩ ልዩ መውረጃ አለ። አንዱ የዝናብ ውሃ መውረጃ ነው፤ ከሰማይ የወረደውን ተቀብሎ ሳያጣራ ወደ ወንዝ ይሰደዋል። ሁለተኛው የፍሳሽ ቱቦ ነው፤ ከመጸዳጃና ከወጥ ቤት የወጣውን ተቀብሎ ወደሚጣራበት ስፍራ ይወስደዋል። ከማጣሪያዎቹ ትልቁ ከከተማይቱ ዝቅ ብሎ በቃሊቲ ያለው ነው፤ በ2010 ዓ.ም. ገደማ ተስፋፍቶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ ሆኖ ተሠርቷል። የፍሳሹን ሥራ የያዘው በ1963 ዓ.ም. የተቋቋመው የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው፤ የመንገዱን ሥራ የያዘው ደግሞ በ1990 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገዶች ባለሥልጣን ነው። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች በወረቀት ልዩ ልዩ ናቸው፥ በመሬት ውስጥ ግን በአንድ ጉድጓድ ይገናኛሉ።

ሁለቱ መውረጃ የተደባለቀ እንደ ሆነ ሁለቱም ይበላሻል። የዝናቡ ውሃ ወደ ፍሳሹ ቱቦ የገባ እንደ ሆነ ቱቦው ከልኩ በላይ ሞልቶ በማንሆሉ አፍ ይገነፍላል። ፍሳሹ ወደ ዝናቡ ቦይ የገባ እንደ ሆነ ደግሞ የቃሊቲው ማጣሪያ ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን አይጠቅምም፤ ቆሻሻው ሳይደርስበት ወንዝ ገብቷልና። ይህን ሁሉ ለማበላሸት ብዙ ድካም አያስፈልግም። አንድ ባለ ቤት ከጉድጓዱ ወደ መንገዱ ቦይ ጥቂት ክንድ ቱቦ በሌሊት የቀጠለ እንደ ሆነ በቃ።

ቱቦ መቀጠልም ሳያስፈልገው፥ በክረምት ሌሊት ዶፍ ሲጥል ጠብቆ ጉድጓዱን የሚለቅ ሰው በከተማይቱ እንግዳ አይደለም። ለማስመጠጥ የሚከፈለውን ገንዘብ ያተርፋል፤ ዝናቡ ሽታውን ያጥብለታል፥ ጨለማውም ፊቱን ይሸፍንለታል። ይህን ሰው ምን እንበለው? ሌባ እንዳይባል የማንንም ገንዘብ አልወሰደም፤ ነፍሰ ገዳይ እንዳይባል በማንም ላይ እጁን አላነሣም። ቢሆንም በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት የተባለው በሽታ አዲስ አበባ ገብቶ ሕዝቡን ባስጨነቀ ጊዜ፥ በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚሄድበት መንገድ ይኸው በዐይነ ምድር የተበከለ ውሃና ምግብ ነበረ። ለቅቆ የተኛው ሰው በማግስቱ ተነሥቶ ቁርሱን በላ፤ በሌላ ሰፈር የታመመው ልጅ የማን ልጅ እንደ ሆነ አላወቀም፤ የልጁም እናት የማን ሥራ እንደ ሆነ አላወቀችም። በዓለም ላይ ካለው በደል ሁሉ ለፍርድ የሚያስቸግረው እንዲህ ያለው ነው፤ በዳይና ተበዳይ ተያይተው አያውቁምና።

ተያይተው የማያውቁት ስለ ምን ቢሉ፥ ምድሩ ተዳፋት ስለ ሆነ ነው። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,330 ሜትር ያህል ነው። አቃቂ ከዚያም ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከላይ የወረደው ሁሉ ወደ አቃቂ ወንዞች፥ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፥ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። ከከተማይቱ ወንዞች አንዱ ባንተ ይቀጡ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሰው ስለ ፍሳሽ ያሰበ አይመስልም፤ ዛሬ በዳሩ የሚያልፍ ሰው ግን አፍንጫውን ይዞ ስሙን ሲያስብ፥ ሳይታወቀው ትንቢት የተናገረ መስሎ ይታየዋል።

አዋሽስ ወዴት ይሄዳል? ከሌሎቹ ታላላቅ ወንዞች አንዳንዶቹ ከአገር ወጥተው ባሕር ይገባሉ። አዋሽ ግን ባሕር አይደርስም። ቆቃን አልፎ፥ የአፋርን ምድር አቋርጦ፥ በጅቡቲ ድንበር ባለው በአቤ ሐይቅ ያልቃል። አዲስ አበባ ለአዋሽ የሰጠችውን አዋሽ ለማንም አያስተላልፍም፤ እዚያው በአገር ውስጥ ያስቀምጠዋል። ይህም ቢቀር፥ በአቃቂ ወንዞች ዳር ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ የለማውም በጭነት ወደ ከተማይቱ ገበያ ይመለሳል። በዚያ አትክልት ውስጥ ለጤና የማይበጅ የብረታ ብረት ዝቃጭ እንደ ተገኘ የመረመሩት ሰዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ስለዚህ በሩዋንዳ ሰፈር ምግብ ቤት ተቀምጦ ሰላጣ ያዘዘ ሰው፥ ባለፈው ክረምት የሰደደውን በሳሕን ተቀብሎ ሎሚ ጨምቆበት ይበላ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው፥ እንግዲያስ የራሱን ጤና ስለሚነካ ሊጠነቀቅ ይገባዋል ይል ይሆናል። ይህ መልስ ደካማ ነው። ለራሱ ብቻ የሚጠነቀቅ ሰው ሰላጣውን ትቶ ጥቅል ጎመን ይበላል፥ ውሃውን ከሱቅ ገዝቶ ይጠጣል፥ በዚያው ይገላገላል። የዳኑትም ሆኑ የተጐዱት ገንዘብ ባላቸውና በሌላቸው ተለይተው ይቀራሉ። በእንግሊዝ አገር የሆነው ይህን ያስረዳል። ሎንዶን ላይ ኮሌራ በየጊዜው እየገባ ብዙ ሺህ ሰው ሲፈጅ፥ የፍሳሹ ሥራ በክርክር ላይ ሰንብቶ ነበር። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1858 በበጋው ሙቀት የቴምዝ ወንዝ ሽታ በዳሩ ወደ ተሠራው ወደ ፓርላማ ቤት ገባ። መጋረጃውን በኖራ መድኃኒት ቢነክሩትም ሽታውን የሚከለክል አልሆነም። ያን ጊዜ ለዓመታት የተጓተተው ነገር በጥቂት ሳምንት ሕግ ሆነ፥ ገንዘብ ተፈቀደ፥ ጆሴፍ ባዛልጄት የተባለው መሐንዲስም ዛሬ ድረስ የሚያገለግለውን መውረጃ ሠራ። ሥራው መልካም ነው። ነገር ግን የድሀው ሞት ያላንቀሳቀሰውን ሕግ የባለሥልጣኑ አፍንጫ አንቀሳቀሰው፤ ይህም ለሰው ልጅ ታሪክ የሚያኮራ አይደለም። በአዲስ አበባ ደግሞ ባለጸጋው አብዛኛውን ጊዜ ከድሀው በላይ፥ ድሀው በወንዙ ዳር ይኖራልና ሽታው ወደ ላይ እስኪመጣ መጠበቅ ምንኛ ረዥም መጠበቅ ነው!

ወደ ባለ ቤቱ እንመለስ። በዚህ ነገር የሚከራከር ሰው ሦስት መልስ አለው። የመጀመሪያው፥ ግብር እከፍላለሁ፥ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው የሚል ነው፤ እውነትነት አለው፥ ነገር ግን መንግሥት የሠራውን ቦይ በፌስታል ለሚደፍን ሰው አይሆነውም። ሁለተኛው፥ እኔ የጣልኩት አንድ ሃይላንድ፥ እኔ የለቀቅሁት አንድ ጉድጓድ ነው፤ ብተወውም ወንዙ አይጠራም፥ ባደርገውም አይብስበትም የሚል ነው። ይህ መልስ የሚናቅ አይደለም። በሒሳብ ቢቆጠር እውነት ይመስላልና፥ ፈላስፎችም ብዙ ደክመውበታል።

ዳሩ ግን የአገራችን ሰው ይህን ጥያቄ ሳይጽፍ ከመለሰው ቈይቷል። እድርን ይመልከቱ። በአንድ እድር ሁለት መቶ አባል አለ እንበል። ሰው በሞተ ቀን አንድ አባል ቢቀር ድንኳኑ መተከሉ አይቀርም፥ ሬሳውም መቀበሩ አይቀርም። እንግዲህ የቀረው ሰው፥ እኔ ባልመጣ ምን ጐደለ ቢል ማንም ጉድለቱን ሊያሳየው አይችልም። እድሩ ግን ይቀጣዋል። ስለ ምን ቢሉ፥ ሁሉም እንደ እርሱ ቢያስብ ሬሳው በቤት ያድር ነበርና። የተቀጣውም ሰው ቅጣቱን ከፍሎ ይሄዳል እንጂ ሒሳብ ሠርቶ አይከራከርም። ይህ ዳኝነት የሚመዝነው ሰውየው ያደረሰውን ጉዳት ሳይሆን ሰውየው በጋራ ነገር ውስጥ ያለውን ድርሻ ነው። ለሬሳ እንዲህ የሚፈርድ ሕዝብ ለቦይ ሲሆን ፍርዱን የሚረሳው ለምን ይሆን? ምናልባት ሬሳው በስም ስለሚታወቅ፥ የሟቹም ልጅ ማን እንደ ቀረ ስለሚያይ ይሆናል።

ሦስተኛው መልስ ከሁሉ ይከብዳል። ከእኔ በላይ ያለው በእኔ ላይ ይለቃል፤ እኔስ ከበታቼ ባለው ላይ ብለቅ ምን ነውር አለው? የሚል ነው። ቦሌ በተዳፋቱ መካከል ያለ ስፍራ ነውና ይህን ማለት ይቻለዋል፤ ከላይ ይቀበላል፥ ወደ ታች ይሰጣል። ይህን የሚል ሰው ስለ ፍትሕ የሚናገር ይመስለዋል። ነገር ግን ምድሪቱን አላያትም። በሜዳ ላይ የተበደለ ሰው በዳዩን ፊት ለፊት ሊከስሰው፥ ወይም ሊክሰው፥ ወይም ሊታረቀው ይችላል፤ ብድር ሄዶ ይመለሳልና። በተዳፋት ላይ ግን ብድር አይመለስም። የበደለህ ከላይህ ነው፤ ፍሳሽህ ወደ እርሱ አይወጣም። የምትከፍለው ምንም ላላደረገብህ፥ ከበታችህ ላለ ለሦስተኛ ሰው ነው። እርሱም ደግሞ ከእርሱ በታች ላለው ይከፍላል፤ እንዲህ እያለ ከእንጦጦ የተነሣው በደል አቃቂ ሲደርስ የሁሉ ሆኖ፥ ባለቤት ያጣ ይሆናል።

በጎነትም እንዲሁ ነው። ከታች ያለው ሰው ላንተ የሚመልስልህ የለውም። ቱቦህን አስተካክለህ ብትቀጥል አመሰግናለሁ ብሎ የሚመጣ አይኖርም፤ ምን እንደ ተውህለትም አያውቅም። ባልንጀራ ማን ነው የሚለውን ጥያቄ መምህራን በብዙ ፈትተውታል፤ አንድም የተቸገረው ነው፥ አንድም ለተቸገረው የራራው ነው ይላሉ። ለከተማ ሰው ሌላ ሦስተኛ አንድም ሊጨመርበት ይገባል፤ አንድም ቁልቁል ያለው ነው። በመንገድ ዳር ወድቆ ካልታየ፥ ድምፁም ካልተሰማ ሰው ጋራ የሚደረግ ባልንጀርነት ከሌላው ሁሉ ይከብዳል፤ ማየትን ሳይጠብቅ በማወቅ ብቻ ይሠራልና።

ይህ ባልንጀርነት ብዙውን ጊዜ በማይታይ ሥራ ስለሚፈጸም፥ የማይታይ ሥራ ያለ ክብር መቅረቱ ትልቅ ጉዳት ነው። መንገድ ሲመረቅ ሪባን የሚቆረጠው በአስፋልቱ ላይ ነው። አስፋልቱን የሚጠብቀው ግን ከሥሩ ያለው ነው። ውሃ መውጫ አጥቶ ከመንገዱ ሥር የገባ እንደ ሆነ የተጠቀጠቀው አፈር ይላላል፤ መኪና በላዩ ባለፈ ቍጥር ጭቃው እየተጨመቀ ይወጣል፥ ከሥር ባዶ ይሆናል፥ አስፋልቱም ይሰነጠቃል፥ በከርሞው ጉድጓድ ይሆናል። ስለዚህ መንገድን የሚገድለው ከጭነት መኪናው ይልቅ ውሃው ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ቱቦውን አሳንሶ የቀበረ፥ ጠጠሩን አሳንሶ ያነጠፈ ተቋራጭ በምረቃው ቀን ከታማኙ ተቋራጭ ጋራ አንድ ዐይነት ጭብጨባ ይቀበላል። የሚለያቸው የሐምሌ ዝናብ ነው፤ በሐምሌ ደግሞ ሁለቱም ሒሳባቸውን ተቀብለው ሄደዋል። በቅኔ ቤት ውስጠ ወይራ የሚሉት አለ፤ ከላይ ሲያዩት ሌላ፥ ውስጡ ግን ጠንካራ ምሥጢር ያለው ነው። መንገድ ውስጠ ወይራ ሊሆን ይገባዋል። ብዙው ግን ከላይ ወይራ፥ ከውስጥ ግን ገለባ እየሆነ ተገኝቷል።

በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት፥ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ መገናኛ በሚወስደው ጎዳናና በሌሎቹም ጎዳናዎች የመብራቱና የስልኩ ሽቦ ከላይ ወርዶ በመሬት ውስጥ እንዲሄድ፥ የውሃ መውረጃውም አብሮ እንዲሠራ መደረጉ ከዚህ አንጻር የሚመሰገን ነው፤ አንድ ጊዜ ቆፍሮ ሁሉን መቅበር ዐሥር ጊዜ ከመቆፈር ይሻላል። በዚሁ ሥራ ምክንያት ከቤታቸውና ከጎረቤታቸው ስለ ተነሡት ሰዎች የሚነገረው ግን ራሱን የቻለ ከባድ ነገር ነው፥ በመንገዱም ማማር አይሸፈንም። ደግሞም ጎዳናው ሲያምር ገባ ብሎ ያለው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ወደ ኋላ የቀረ እንደ ሆነ፥ የጎዳናው ውሃ የሚወርደው በዚያው በውስጡ መንገድ ነውና ጎዳናው የደረቀው በውስጡ ሰው ዋጋ ይሆናል።

ማንሆል ክዳኑ ጠፍቶ አፉን ከፍቶ ሲያድርም ያው የተዳፋቱ ነገር ነው። የሙሴ ሕግ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፥ የሌላ ሰው በሬ ወይም አህያ የገባበት እንደ ሆነ የጉድጓዱ ባለቤት እንዲከፍል ያዝዛል። በከተማ ግን ቆፋሪው አንድ፥ ከዳኙ አንድ፥ ክዳኑን በሌሊት ነቅሎ የሸጠው ሌላ፥ ሳይጠይቅ የገዛው የአሮጌ ብረት ነጋዴ ደግሞ ሌላ ነው። በዱላው እየዳሰሰ የሚሄድ ዐይነ ስውር የገባበት እንደ ሆነ ከአራቱ ማን ይክፈል? ሕግ ዐዋቂ ነቃዩን ይይዛል። የገዛው ግን ክዳኑ የመንገድ ክዳን እንደ ሆነ ለማወቅ መማር አላስፈለገውም፤ ክዳኑ በቤት ውስጥ ሌላ አገልግሎት የለውምና።

ወደ ማንሆሉ ስለሚወርዱት ሰዎችም አንድ ቃል ሳይባል ሊታለፍ አይገባም። በፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ ሰውን በጥቂት ትንፋሽ የሚጥል ነው፤ አንዱን ሊያወጣ የገባው ሁለተኛው ሰው አብሮ የሚቀርበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራውን ሰው ሲያልፉ አፍንጫ መያዝ የተለመደ ነው፤ ሽታው ግን የእርሱ አይደለም፥ የአላፊው ነው። በቀድሞ ዘመን አንጥረኛውን፥ ሸማኔውን፥ ፋቂውን በሥራው መስደብ ልማድ ሆኖ ሳለ፥ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ ዐዋጅ አስነገሩ። ዐዋጁ ቢነገርም ስድቡ ስም እየለወጠ ኖሯል። በነህምያ መጽሐፍ የኢየሩሳሌም ቅጥር ሲታደስ ማን የትኛውን በር እንዳደሰ በየስሙ ተጽፏል። የቴቁሐ ታላላቅ ሰዎች ለሥራው አንገታቸውን ዝቅ ለማድረግ እምቢ እንዳሉ ተጽፎባቸዋል። የጉድፍ መጣያውን በር ያደሰው ግን መልክያ የሚባል የአንድ ግዛት አለቃ ነው። አለቃ ሆኖ ሳለ የጉድፉ በር ደረሰኝ ብሎ እንዳላፈረ ይታያል፥ ስሙም ከምንጩ በር አዳሽ ስም ጋራ እኩል ተጽፏል። በዘዳግም ደግሞ በሰፈር የሚኖር ወታደር ሁሉ ከመሣሪያው ጋራ መቆፈሪያ እንዲይዝ፥ የወጣውንም እንዲከድን ታዝዟል። እያንዳንዱ የራሱን መቆፈሪያ ራሱ ይሸከማል፤ ለሻለቃው የሚቆፍር ሌላ ሰው አልተመደበም።

ሰፈሩ በስሙ የተጠራበት የሩዋንዳ ሕዝብ በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ወጥቶ መንገድና ቦይ በጋራ ይጠርጋል፤ ኡሙጋንዳ ይሉታል። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2008 ፌስታልንም ከልክለዋል። በኢትዮጵያ ተመሳሳይ ሕግ የወጣው በ2017 ዓ.ም. ነው። ኡሙጋንዳን የሚያደንቅ የኛ አገር ሰው ብዙ ነው፤ ደቦና ጅጊ በሚሉ ቃላት ያደገ ሕዝብ ይህን ከሩቅ አገር እንደ አዲስ ነገር ማድነቁ ያስገርማል። ደቦው ከገጠር ወደ ከተማ ሲመጣ ለሠርግና ለለቅሶ ተረፈ፥ ለመንገድ ግን አልተረፈም።

እንግዲህ ነገሩን ጨብጦ ለማየት በሩዋንዳ ሰፈር አንድ ባለ ቤት እንበል። መንገዱ ተቆፍሮ አዲስ የፍሳሽ ቱቦ እየተቀበረ በእርሱ ደጅ ደርሷል። ጉድጓዱ የአባቱ ዘመን ጉድጓድ ነው፤ ከጉድጓዱም ወደ ዝናቡ ቦይ የሚሄድ አንድ አሮጌ ቱቦ እንዳለ እርሱና አሮጌው ዘበኛ ብቻ ያውቃሉ። የሠራተኞቹ አለቃ በሩን አንኳኵቶ፥ ጋሼ፥ ለእርስዎ መግቢያ እንተውልዎት? ይላል። ይግባ ቢል የግቢው ንጣፍ ይሰበራል፥ ገንዘብ ይወጣል፥ ተከራዮቹ ሳምንት ሙሉ ያጕረመርማሉ፤ ጎረቤቶቹም ገና አላስገቡም። ይቅር ቢል ማንም አያውቅበትም፤ አሮጌው ቱቦ እንደ ወትሮው በክረምት ሌሊት ሥራውን ይሠራል፥ አቃቂም እንደ ወትሮው ይቀበላል። በማግስቱ ጠጠሩ ይነጠፋል፤ ከዚያ በኋላ መግቢያ ልተው ቢል አስፋልቱን እንደ ገና ማስቆፈር ሊያስፈልገው ነው፥ በየመንገዱ ሲቆፈር እያየ ሲሳደብ የኖረው ደግሞ እርሱ ራሱ ነው።

የሠራተኞቹ አለቃ መልስ እየጠበቀ በደጁ ቆሟል፤ ሰማዩም ከእንጦጦ በኩል ጠቍሯል።